ላንጋኖ ላይ ይፈላብኝ ለነበረው ሞተር መፍትሔ ለሰጡኝ የሻሸመኔ መካኒክ

ሦስት ወር እንቅልፍ ያሳጣኝን ችግር በሁለት ቀን የፈቱልኝን ሰው በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ነውር ይሆንብኛል።

በላንጋኖ ሐይቅ ዳርቻ ባለ አራት ጎማ ሞተር አከራያለሁ፤ ብዙ ሰው ኳድ የሚለውን ማለቴ ነው። ያሉኝ ሁለት ብቻ ናቸው። ከታኅሣሥ ጀምሮ አንደኛው አሸዋ ላይ ሃያ ደቂቃ እንኳን ሳይሞላው መፍላት ጀመረ። የሙቀት መብራቱ ይበራል፣ ከራዲያተሩ (የሞተሩን ውሃ ከሚያቀዘቅዘው ክፍል) ክዳን ሥር እንፋሎት ይወጣል፣ ደንበኛው ደንግጦ ይወርዳል። አንድ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው የመጡ አባትና ልጅ መሀል መንገድ ላይ ቆሞባቸው በዚያ ፀሐይ በእግራቸው ተመለሱ። ገንዘባቸውን መለስኩላቸው፤ የልጁ ፊት ግን ከዓይኔ አልጠፋም።

ያሳየሁት አንድ ጋራዥ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ተሰንጥቋል አለኝ። ሌላው ትልቅ ራዲያተር ከውጭ አስመጣ አለኝ። ለራዲያተሩ 18,000 ብር ይዤ ነበር ሻሸመኔ የሄድኩት።

ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው እኚህ ባለሙያ መፍቻ ከማንሳታቸው በፊት ጠየቁኝ፦ “የሚፈላው ሲሮጥ ነው ሲያዘግም?” ሲያዘግም ነው አልኳቸው። “እንግዲያው ነፋስ አጥቷል” አሉና ተንበርክከው ራዲያተሩን ፈቱት። ከኋላው የእጅ ባትሪ አበሩበትና “እስቲ እይ” አሉኝ። አንዲት የብርሃን ጭላንጭል አታልፍም። የፊት ጎማዎቹ የሚረጩት ጭቃና ደረቅ ሣር በቀጫጭን ክንፎቹ መካከል ገብቶ እንደ ጡብ ደርቋል። ከላይ ሳጥበው ንጹሕ ይመስለኝ ነበር።

በውስጡ ደግሞ ነጭ ቅርፊት ነበር። ውሃ ሲጎድል ልጆቹ የሐይቁን ውሃ እንደሚጨምሩበት ነገርኳቸው። ጋሼ በጣም አዘኑ። የላንጋኖ ውሃ ሶዳ የበዛበት ስለሆነ በሙቀት ሲተን ማዕድኑን እዚያው ጥሎት ይሄዳል፤ ቧንቧዎቹም እየጠበቡ ይመጣሉ። ከዚያ ወዲህ የተጣራ ውሃ ኩላንት ከሚባለው የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ጋር እኩል ለእኩል ቀላቅዬ ነው የምጠቀመው።

ስለ ራዲያተሩ ክዳን ያስረዱኝ ነገር ግን እስካሁን ይደንቀኛል። ላንጋኖ ከባሕር ጠለል በላይ 1,580 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ተራ ውሃ እዚያ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ95 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሞተሩን ከዚህ የሚያድነው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው፤ ግፊት ሲኖር የመፍያው ነጥብ ከፍ ይላል። የእኔ ክዳን ላስቲኩ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ስለነበረ ግፊት የሚባል ነገር አልነበረም። ሁለት ጋራዥ ስመላለስ ያንን ክዳን በእጁ ነክቶ ያየ አንድም ሰው አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ነው ተጨማሪ ማቀዝቀዣ ወደ መሥራቱ የገቡት። ራዲያተሩን ከጭቃው መንገድ አውጥተው በፊተኛው የዕቃ መጫኛ ላይ አስቀመጡት። መያዣውን ከብረት በየዱ፣ እንዳይንቀጠቀጥ ከሥሩ ላስቲክ አነጠፉለት፣ ማኒኮቶዎቹንም (የውሃ ቱቦዎቹን) በረዘሙ ለወጡ። ከጀርባው ከበፊቷ የምትበረታ ቬንቶላ (ማራገቢያ) ገጠሙ። አብራቸው የምትሠራው ወጣት ሽቦውን በሬሌና በፊውዝ ዘርግታ፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ሳልጠብቅ ቬንቶላዋን በእጄ የማስነሳባት ማብሪያ መሪው አጠገብ አደረገችልኝ። የሙቀት መቁጠሪያም ጨመረች። ሥራዋ እንደ ጋሼ የጠራ ነው፤ እርሷንም ከልቤ አመሰግናለሁ።

የዘይት ማቀዝቀዣ ይጨመርልኝ ብዬ ለመንኳቸው። “ለዚህ ሞተር አያስፈልገውም፤ ብዙ ማያያዣ ብዙ ማፍሰሻ ነው” ብለው እምቢ አሉኝ። ገንዘብ ይዤ ቆሜ እምቢ ያለኝ ባለሙያ ከእርሳቸው በፊት አላጋጠመኝም።

ራዲያተሩ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ውስጡ አየር ይቀራል የሚል ስጋት ነበራቸው። የፊት ጎማዎቹን ጉብታ ላይ አውጥተው፣ ክዳኑን ከፍተው፣ ሞተሩ እየሠራ አረፋው እስኪያልቅ ድረስ ውሃ እየጨመሩ ግማሽ ሰዓት ያህል አጠገቡ ቆሙ። ምሳ ሰዓታቸው ነበር።

የዕቃውንም የእጃቸውንም ዋጋ ጨምሮ 6,500 ብር ከፈልኩ። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ከነደረሰኙ በከረጢት አድርገው ሰጡኝ። በፋሲካ ሰሞን ሞተሩ ከጠዋት እስከ ማታ አሸዋ ላይ ሲዞር ዋለ፤ መቁጠሪያው ከ92 ዲግሪ አላለፈም። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ ጋሼ።

ስማቸው በአደባባይ እንዲነሳ አልፈለጉም። ኳድም ሆነ ሞተር ሳይክል ሙቀት ያስቸገራችሁ በግል ጠይቁኝና ጋራዡን እጠቁማችኋለሁ፤ ወደ ሐዋሳ በሚያወጣው መንገድ ላይ ነው። እሁድ ዝግ ነው። ስትሄዱ ደግሞ አጥባችሁ አትውሰዱት፤ ጭቃው የት የት እንደሚጠራቀም መጀመሪያ ማየት ይፈልጋሉ።