የባጂ ጫጩት፦ በወላጆቹ አፍ ወይስ በሲሪንጅ?

የባጂ (በቤት የሚረባ ትንሽ በቀቀን) ጫጩት ሲፈለፈል 2 ግራም ገደማ ቢመዝን ነው። አያይም፣ ላባም የለውም። ለወላጆቹ እንተወው ወይስ በእጅ እናሳድገው?

ወጪና ልፋት
በወላጆቹ፦ ዘር፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ የበቀለ ዘርና ንጹህ ውሃ። ሌላው የእነሱ ሥራ ነው።
በእጅ፦ ለጫጩት የተዘጋጀ የምግብ ዱቄት፣ ሲሪንጅ፣ ቴርሞሜትር። ትንንሾቹ በየ2 ሰዓቱ ስለሚበሉ እንቅልፍ የለም።

አደጋ
እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ምግቡ ከ38 እስከ 41 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆን አለበት። ሙቀቱ ከበዛ አንገቱ ሥር ያለውን የምግብ ከረጢት ያቃጥላል። ከቀዘቀዘ ምግቡ ሳይወርድ እዚያው ይቦካል። ወደ ሳንባ ከገባማ ጫጩቱ ሊሞት ይችላል። እናት ግን ከራሷ ወተት መሰል ምግብ ታጎርሳለች፤ እሱን በዱቄት መተካት ከባድ ነው። በወላጆቹ የጎጆ ሳጥን ውስጥ ያለው ስጋት የመጨረሻው ጫጩት ነው። እንቁላሎቹ በአንድ ቀን ስለማይፈለፈሉ ታላላቆቹ ሊጫኑት ይችላሉ።

ራስን ችሎ መብላት
በወላጆቹ፦ በ30 እና በ35 ቀን መካከል ከሳጥኑ ይወጣል፤ አባት ለጥቂት ቀናት ማጉረሱን ይቀጥላል።
በእጅ፦ በሲሪንጅ መመገቡን ቀስ በቀስ ይቀንሱለት። ዘር መነካካት መብላት አይደለም። ማታ ከረጢቱን ዳሰስ አድርገው ሙሉ መሆኑን ያረጋግጡ።

ለማዳ ወፍ ፈልገው ከሆነ ሲሪንጅ የግድ አይደለም፤ ከ2 ሳምንት በኋላ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ በእጅ መያዝ ይበቃል። እናት ከሞተች፣ ጫጩቱን ከነከሰች ወይም ማጉረስ ካቆመች ግን፣ ሌላ አሳዳጊ ጥንድ ከሌለ በእጅ መመገቡ ያድነዋል። መጀመሪያ የሚያውቅ ሰው ያሳይዎት።