ፌንጣ ወይስ ጋላቢው ፈረስ?

ጎንደር ፒያሳ፣ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ቼዝ ስንጫወት የጠፋ ጠጠር በቆርኪ እንተካለን። የእኔ ቆርኪ ግን ምትክ አይደለም፤ ፌንጣ ነው። በመደበኛው ቼዝ በሌሉ እንግዳ ጠጠሮች የቼዝ እንቆቅልሽ መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ጓደኞቼ «ለየለት» ይሉኛል።

ለጀማሪ የሚታጩት ሁለት ናቸው። ሁለቱንም የፈጠረው እንግሊዛዊው ቶማስ ዳውሰን ነው፤ ፌንጣን በ1913፣ ጋላቢውን በ1925፣ በፈረንጆች አቆጣጠር።

ጋላቢው ቶሎ ይገባል። ያው ፈረስ ነው፤ መንገዱ ክፍት እስከሆነ ድረስ ግን በያዘው አቅጣጫ መዝለሉን ይቀጥላል። ከኤ1 ተነስቶ ቢ3፣ ሲ5፣ ዲ7 ይደርሳል። ቢ3 ላይ የራሱ ወታደር ከቆመ በዚያ አቅጣጫ አለቀ። ችግሩ ጉልበቱ ነው። ያላሰብኩትን ሁለተኛ መፍትሔ እያመጣ ስንት ማታ ሥራዬን አፍርሶብኛል።

ፌንጣ በንግሥት መስመር ይሄዳል፤ የሚዘለው ጠጠር ከሌለ ግን ንቅንቅ አይልም። የሚያርፈውም ከተዘለለው ቀጥሎ ባለው ቤት ብቻ ነው። ነጭ ፌንጣ ኤ1፣ ጥቁር ፈረስ ኤ4፣ ጥቁር ንጉሥ ኤ5 ላይ ይሁኑ። ቼክ! ፈረሱ ዘወር ሲል ቼኩም ይጠፋል። ንጉሡን ያስጠቃው የገዛ ፈረሱ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለ ተንኮል ጋላቢው የለውም።

ስለዚህ ምርጫዬ ፌንጣ ነው። በድሮው የአገራችን ቼዝ፣ በሰንጠረዥም፣ ፊል የሚባለው ጠጠር በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘል ነበር፤ ዝላይ ለእኛ ብርቅ አይደለም።

ደግሞ ለጋላቢው ቆርኪም አልሆነልኝም። በሥዕል የሚታየው እንደተገለበጠ ፈረስ ነው፤ የተገለበጠ ፈረስ ጠረጴዛ ላይ አይቆምም።