ጉግል ወርክስፔስ በደሴና በኮምቦልቻ ቢሮዎቻችን፦ የአንድ ዓመት ተኩል አገልግሎት ግምገማ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ ቢበዛ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በእኛ መሥሪያ ቤት ግን አንድ የሩብ ዓመት ሪፖርት በሁለቱ ከተሞች መካከል ሲመላለስ ሳምንት ይፈጅ ነበር። የኮምቦልቻው የማምረቻ ክፍል አዘጋጅቶ በፍላሽ ይልካል፣ የደሴው ዋና ቢሮ አርሞ ይመልሳል፣ ግምጃ ቤቱ የራሱን ቁጥር ይጨምርበታል፤ በመጨረሻም ስማቸው ላይ «የመጨረሻ» የሚል ቃል የተጻፈባቸው አራት አምስት ፋይሎች እጃችን ላይ ይቀራሉ። ቁጥር ሲዛነፍ ማን እንደቀየረው የሚያውቅ ስለማይኖር፣ እያንዳንዱ ክፍል ማኅተም ያረፈበትን የራሱን ቅጂ ቆልፎ ማስቀመጥን እንደ መከላከያ ለምዶት ነበር። ከአንድ ሺህ በላይ ሠራተኛ ባለበትና አብዛኛው ሰው ሌላውን በስም እንጂ በመልክ በማያውቅበት ድርጅት፣ ይህ ልማድ ከአለመተማመን የመነጨ መሆኑን ለመረዳት ዓመታት ወስዶብናል።

ጉግል ወርክስፔስን የገዛነው በዚህ ምክንያት ነው። አገልግሎቱ ኢሜይልን፣ የቀን መቁጠሪያንና የቪዲዮ ስብሰባን ያጠቃልላል፤ እነርሱ ሥራቸውን በሚገባ ስለሚሠሩ ብዙ አልልባቸውም። ትኩረቴ በዶክስ (ጽሑፍ መጻፊያው)፣ በሺትስ (ሰንጠረዥ መሥሪያው) እና በድራይቭ (የፋይል ማስቀመጫው) ላይ ነው፤ ማለትም አንድን ሰነድ ብዙ ሰዎች አብረው ሲይዙት በመካከላቸው መተማመን ይፈጠራል ወይስ ጥርጣሬ ይብሳል በሚለው ጥያቄ ላይ።

የዚህ ጥያቄ እምብርት የለውጥ ታሪክ የሚባለው መዝገብ ነው። ሰነዱ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረ በየስሙና በየቀለሙ ለይቶ ያስቀምጣል፤ በሺትስ ደግሞ የአንዲትን ሕዋስ (የሰንጠረዥ ሳጥን) ታሪክ ብቻ ለይቶ ማየት ይቻላል። ስንጀምር ይህ መዝገብ ጭቅጭቅን ሁሉ ያስቀራል ብለን ነበር። በሦስተኛው ወር በመለዋወጫ ዕቃዎች ሰንጠረዥ ላይ 140 የነበረው ቁጥር 410 ሆኖ ተገኘ። መዝገቡ ሲታይ ለውጡ የተደረገው 9:10 ላይ ነው ይላል። በዚያ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሌሎቹ የግምጃ ቤቱ ሠራተኞች በሙሉ ደሴ ስብሰባ ላይ ስለነበሩና ቢሮ የቀረችው ከሁሉ በዕድሜ የምታንሰው ባልደረባችን ብቻ ስለነበረች፣ ጣት ሁሉ ወደ እርሷ ተቀሰረ። ልጅቷ ሁለት ቀን ምሳ ሳትበላ ዋለች። ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር የተመዘገበ የምሽት ሰዓት መሆኑን፣ ማለትም በእኛ ከምሽቱ 3:10 እንደሆነ ያስተዋለው የሂሳብ ክፍሉ ባልደረባ ነው።

ከሰዓቱ የባሰው ግን የስሙ ጉዳይ ነበር። ክፍያው በተጠቃሚ ቁጥር ልክ ስለሚታሰብ ድርጅታችን ወጪ ለመቆጠብ ለአራት የግምጃ ቤት ሠራተኞች አንድ የጋራ አካውንት ሰጥቶ ነበር፤ በመሆኑም መዝገቡ «ግምጃ ቤት» ከማለት ውጪ ስም አልነበረውም። ሰዓቱ ከተስተካከለ በኋላ የክፍሉ ኃላፊ ራሳቸው ተነሥተው፣ ያን ምሽት ከቤታቸው ሲያርሙ ቁጥሩን ያገላበጡት እርሳቸው ሊሆኑ እንደሚችሉ ተናገሩ፤ ልጅቷንም በሁላችን ፊት «ልጄ፣ በድዬሻለሁ፤ ይቅር በይኝ» አሏት። በዚያው ሳምንት ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የየራሱ አካውንት ተከፈተ። ጥፋቱ የእኛ እንጂ የአገልግሎቱ አልነበረም፤ ሆኖም ይህን መሣሪያ ለሚገዛ ማንኛውም ትልቅ መሥሪያ ቤት አስቀድሜ የምናገረው ይህንን ነው፦ በአካውንት ቁጥር ላይ የሚቆጠብ ገንዘብ በሰው ስም ላይ የሚከፈል ዕዳ ይሆናል። የለውጥ ታሪክን ማየት የሚችሉት ሰነዱን የማረም ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ብቻ መሆናቸውንም ልብ ማለት ያስፈልጋል። የማንበብ ፈቃድ ብቻ የተሰጠው ሠራተኛ ቢከሰስ፣ ራሱን የሚከላከልበትን ማስረጃ ማየት አይችልም።

በእኔ ግምት ከሁሉ የላቀው ግን የሐሳብ ማቅረቢያው ስልት ነው። አራሚው የጻፈው በቀለም ተለይቶ፣ የሰረዘው ደግሞ መስመር ተሰምሮበት ይታያል፤ ዋናው ጽሑፍ ግን ባለቤቱ እስኪቀበለው ድረስ እንዳለ ይቆያል። በእኛ ዘንድ የአለቃን ደብዳቤ ማረም እንደ ድፍረት ስለሚቆጠር፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይህን ስልት የተጠቀመበት ሰው አልነበረም። ሥልጠና ሰጠን፣ ማሳሰቢያ ለጠፍን፤ አልተለወጠም። ነገሩ የተለወጠው ሥራ አስኪያጁ ገና ያላለቀ፣ ስሕተት የበዛበት የዓመቱን ዕቅድ ረቂቅ ራሳቸው አምጥተው «እዚህ ላይ ሐሳብ ስጡኝ» ብለው ሲያኖሩት ነው። በሁለተኛው ቀን የመጣችው የመጀመሪያዋ እርማት አንዲት የጎደለች አራት ነጥብ ነበረች። ተቀበሏት። በሳምንቱ መጨረሻ ግን አንዲት የኮምቦልቻ ተቆጣጣሪ የማምረቻውን የኃይል ወጪ ግምት ዝቅተኛ መሆኑን በሦስት መስመር አስረድታ አዲስ ቁጥር አቀረበች፤ እርሱንም ተቀበሉት። አርብ ጁምዓ የሚሄደውም፣ ለንግሥ በዓል ፈቃድ የወሰደውም በተመቸው ሰዓት ገብቶ አስተያየቱን ያሰፍራል፤ በስብሰባ ላይ አለመገኘት ሐሳብን ማጣት መሆኑ ቀርቷል።

በጋራ ድራይቭ ውስጥ የሚቀመጥ ፋይል የድርጅቱ እንጂ የግለሰቡ ስላልሆነ፣ ሠራተኛ ሲለቅ ሰነዱ አብሮት አይሄድም። የአስተዋጽኦ አድራጊነት ፈቃድ የተሰጠው ሰው ጽፎ ማረም ሲችል ማጥፋትና ማዘዋወር አይችልም፤ ለብዙኃኑ ሠራተኛ ተገቢው ደረጃ ይህ ነው። የሠራተኛ የግል ማኅደር ግን ከዚህ ተለይቶ በጥቂት ሰዎች እጅ መቀመጥ አለበት፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ በበጎ ፈቃድ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። «ሊንኩ ያለው ሁሉ ይክፈተው» የሚለውን ምርጫም ለድርጅቱ በሙሉ አዘግተነዋል።

ከአንጋፋ ባልደረቦቻችን ደጋግሞ የመጣው ጥያቄ «ኢንተርኔቱ ቢቋረጥ ሰነዳችን የት ይገኛል?» የሚል ነበር። ይህን ጥያቄ የሚጠይቀው ሰው ምክንያት አለው፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም አንረሳውም። በሌላ በኩል በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ በአንድ ሕንጻ ውስጥ ብቻ የነበረ ወረቀትና ኮምፒውተር ምን እንደደረሰበትም እናውቃለን። ስለዚህ በሁለቱም በኩል ጥንቃቄ አድርገናል። አስፈላጊ ሰነዶችን ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈቱ አስቀድመን እናዘጋጃቸዋለን፤ መብራት ጠፍቶ መስመሩ ሲቋረጥ በላፕቶፕ ላይ የተጻፈው ግንኙነቱ ሲመለስ በራሱ ይገባል። በየወሩ ደግሞ ሙሉውን በውጫዊ ዲስክ ገልብጠን አንዱን ደሴ፣ አንዱን ኮምቦልቻ እናስቀምጣለን።

አማርኛን በተመለከተ፣ በዩኒኮድ፣ ማለትም የዓለም ፊደላት በኮምፒውተር በሚወከሉበት የጋራ ሥርዓት፣ የተጻፈ ሁሉ ያለ ችግር ይከፈታል። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም፣ በመዝገብ ቤታችን ያለው የቆየ ሰነድ ከዚያ ሥርዓት ውጪ በሆኑ የቀድሞ የግዕዝ ፕሮግራሞች የተጻፈ በመሆኑ ሲከፈት የላቲን ፊደላት ክምር ሆኖ ይታያል። ሁለት ጸሐፊዎች ለአራት ወራት እንደገና ሲተይቡት ቆይተዋል፤ ይህን ጊዜ በዕቅዳችሁ ውስጥ አስገቡት።

ክፍያው በውጭ ምንዛሪ መሆኑ ለፋይናንስ ክፍላችን አሁንም ራስ ምታት ነው። ያም ሆኖ ለቀጣዩ የበጀት ዓመት እንዲታደስ ጠይቀናል፤ በጥያቄው ላይ 18 ተጨማሪ አካውንቶችን ያስገቡት የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ናቸው። የዘንድሮውን የቆጠራ ሰንጠረዥ የከፈተችው ያችው ልጅ ስትሆን፣ በላዩም በትልልቁ «ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው» ብላ ጽፋበታለች።