ዘጠኝ ወር ከአንዲት ዊንቸስተር 1885 ጋር

ይህቺን የኢላማ ጠመንጃ እዚህ አሜሪካ ከገዛኋት ዘጠኝ ወር ሞላ። ዊንቸስተር 1885 ናት፣ አንድ ጎራሽ፣ የጆን ብራውኒንግ ሥራ። ሻጩ "ኦሪጅናል ሹትሰን ናት" ብሎ ነው የሸጠልኝ፤ የጀርመንና የስዊስ ስደተኞች ቆመው በ200 ያርድ ኢላማ ይወዳደሩባት የነበረችው ዓይነት ማለቱ ነው። ዋጋዋንም በዚያው ልክ ነው የጠራው።

መጀመሪያ ስለ ስሟ። ሀይ ዎል እና ሎው ዎል የሚሉትን ሰብሳቢዎች ናቸው ያወጡት፣ ፋብሪካውማ "ሲንግል ሾት" ብቻ ነበር የሚላት። የኛም አባቶች ግራን ውጅግራ፣ ስናይደርን ሰናድር ብለው ስም አውጥተው የለ? አለያየቱ ቀላል ነው። ከጎን እዩዋት። መዶሻውን ግራና ቀኝ የሚከልለው ብረቷ ከፍ ብሎ ከመዶሻው ጫፉ ብቻ ከታየ ሀይ ዎል ናት፣ ብረቷ ዝቅ ብሎ መዶሻው ወጣ ካለ ሎው ዎል። የኔ ሀይ ዎል ናት፣ እዚህ ላይ ሻጩ ልክ ነው።

ችግሩ ሹትሰን የሚለው ላይ ነው። ድርብ ምላጭ (አንዱ ሌላውን የሚያቀል)፣ የመዳፍ ማረፊያ፣ ትከሻ የሚያቅፍ ቆልማማ ሰደፍ፣ ሁሉም አላት። በሦስተኛው ወር ለማጽዳት የመዳፍ ማረፊያውን ስፈታው ግን ብሎኑ የገባበት ቀዳዳ ውስጥ እንጨቱ ነጭ ነው፣ ትናንት የተበሳ ይመስላል። የመቶ ዓመት ዘይትና ላብ የጠጣ እንጨት እንዲህ አይነጣም! ደነገጥኩ።

ዋዮሚንግ ኮዲ ያለው የጦር መሣሪያ ሙዚየም ከ1 እስከ 109,999 ያሉትን ተከታታይ ቁጥሮች የፋብሪካ መዝገብ ይዟል፣ ቁጥሯን ልኬ ጠየቅኩ። የመጣው ደብዳቤ የጥይቷ ዓይነት 38-55፣ ባለ ስምንት ማዕዘን አፈሙዝ፣ ተራ ምላጭ ይላል። እጄ ላይ ያለችው 32-40 ናት፣ ምላጯም ድርብ። ከፋብሪካ ከወጣች በኋላ ነው የተለወጠችው ማለት ነው።

አተኳኮሷን አልወቅስም። ማንሻውን ወደ ታች ስትስቡት የጥይቱን ማስገቢያ ከኋላ የሚዘጋው ብሎክ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ጥይቷን በጣት ታጎርሷታላችሁ፣ ስትዘጉት ደግሞ ጥርቅም። በእርሳስ ጥይት ቀስ ብላችሁ ከሠራችሁባት ታማኝ ናት። ያንን ዋጋ ግን አታወጣም፣ መዝገቡን ሳልጠይቅ መክፈሌ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የምትገዙ ካላችሁ ቁጥሩን ከሥር፣ ከምላጩ አካባቢ አንብቡና ደብዳቤውን ገንዘብ ሳትከፍሉ በፊት አስመጡ።

የመዳፍ ማረፊያውን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ያለሱ ነው የምተኩሰው።