ቅመም ተራ ጥቁር አዝሙድ የምትገዙ፣ ፌስታሉን ፍቱት

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ዛሬ ጠዋት መርካቶ፣ ቅመም ተራ፣ ጥቁር አዝሙድ ብዬ የገዛሁት ኪሎ አብዛኛው የሽንኩርት ዘር ነው።

ሱቁን ባታውቁት ሰውዬውን ታውቁታላችሁ። በሩ ላይ የጆንያ አፍ ከፍቶ የሚቀመጥ፣ ለስኳር፣ ለግፊት፣ ለአስም፣ ለፀጉር፣ ጠይቃችሁ ሳትጨርሱ መድኃኒቱን የሚነግራችሁ። «የባሌ ነው የኔ እናት፣ ሌላ ቦታ አታገኚውም» አለኝ። ከጆንያው ቆንጥሮ መዳፌ ላይ አደረገው። በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አድርጎ «እስቲ አሽትቺው» አለ። ያ የሚሰነፍጥ ሽታ ነው። ሐበሱዳ፣ ያው ጥቁር አዝሙድ፣ ለሚያውቅ ሰው ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። በራሴ ነቀነቅሁ።

አሁን ልብ በሉ። ከዚያ ጆንያ አልሰፈረልኝም። ልጁን ጠርቶ «ከውስጥ ኪሎ አምጣላት» አለው። ልጁ ከተደረደሩት ጆንያዎች ጀርባ ገብቶ ወዲያው ወጣ። ሚዛን የለ፣ ማንኪያ የለ። ፌስታሉ ተቋጥሮ ነው የመጣው፣ ያውም ሁለት ጊዜ። ሰውዬው በዚህ መሃል የአባቴን ሳል ይጠይቀኛል። ሲያዝንልኝ ብታዩት! «ከማር ጋር ጠዋት ጠዋት ስጪው፣ ድራሹ ይጠፋል» እያለ ብሩን ተቀበለኝ።

ቤት ገብቼ አመስ አመስ ሳደርገው ቤቱ ቁሌት ቁሌት ሸተተ። ጎረቤት ወጥ የጣደች ነው የመሰለኝ። ያልታመሰውን ነጭ ሳህን ላይ በትኜ አየሁት። ጥቁር አዝሙድ ሦስት ማዕዘን ያለው፣ ሸካራ፣ በአንድ ጫፉ ሾል ያለ ፍሬ ነው። ይሄኛው የተጨማደደ፣ አንድ ጎኑ ጠፍጠፍ ያለ። ከላይ ላዩ ግን ትንሽ እውነተኛውን ጣል አድርገውበታል።

ይዤው ተመለስኩ። ቀና ብሎም አላየኝ። «ሴትዮ፣ ለመሆኑ ጥቁር አዝሙድ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ። ጠዋት የኔ እናት ነበርኩ። እስቲ ቅመሰው ብለው «ጾም ላይ ነኝ» አለ። ልጁ ሳቁን መያዝ አቃተው። ብሬንም አልመለሰልኝም።

የሚያንገበግበኝ ብሩ ብቻ አይደለም። ለመዝሪያ የሚዘጋጅ የሽንኩርት ዘር የፈንገስ ማጥፊያ ኬሚካል የሚቀባበት ጊዜ አለ። ጊዜው አልፎበት አልበቅል ብሎ ይሁን፣ ኬሚካል ነክቶት ይሁን፣ እዚያ ጆንያ ውስጥ ያለውን በምን አውቃለሁ? ይሄንን እኮ ነው ለሽማግሌ በማር ለውሼ ላበላ የነበረው።

ካሸተታችሁት ጆንያ ዓይናችሁ እያየ ይመዘንላችሁ። ከመክፈላችሁ በፊት ቆንጠር አድርጋችሁ አኝኩት። ሽንኩርት ሽንኩርት ካለ ጥላችሁ ውጡ። የተፈጨውንማ ጭራሽ አትንኩት። በርካሽ «ንጹሕ ዘይት» የሚላችሁንም ጠርጥሩት፤ ከአንድ ኪሎ ፍሬ ተጨምቆ የሚወጣው ዘይት ቢበዛ ሲሶው ገደማ ነው። ሒሳቡን እዚያው ቆማችሁ ሥሩት።