ፔርኖውን ሳይቆርጡ ላወጡልኝ የሐይቅ ከተማው ጋሼ

ይህን የምጽፈው ምስጋናዬን በአደባባይ ለማድረስ ነው። ሞተር ያላችሁ የወሎ ልጆች፣ በተለይ ከደሴ ወልዲያ የምትመላለሱ፣ እባካችሁ አንብቡልኝ።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። በተሁለደሬና በወረባቦ ገጠር ቀበሌዎች እየዞርኩ ከብት አክማለሁ። ሞተሬን የገዛኋት በእቁብ ብር ነው። ያለ እሷ ሥራዬ የለም።

ከሦስት ሳምንት በፊት የኋላ ጎማዋ ተነፈሰ። ጎሚስታው ሊያወልቀው ቢል ዳዶው ተፈታ፣ ፔርኖው (በጎማው መሃል የሚያልፈው ረጅም ብረት) ግን ዝጎ ንቅንቅ አልልም አለ። ለካ ከገዛኋት ጀምሮ ወጥቶ ግራሶ ተቀብቶ አያውቅም። በዚያ ላይ የክረምቱ ጭቃና ወንዝ አለ።

ደሴ ወሰድኳት። ስም አልጠራም። የመጀመሪያው ጋራዥ ልጆች ገና ሰላም ሳልላቸው በመዶሻ ይቀጠቅጡት ጀመር። የፔርኖው ጫፍ ተጨፈለቀ፣ ጥርሱ ጠፋ። «አልወጣም፣ ውሰዳት» አሉኝ። ሁለተኛው ቦታ ቀብድ ተቀብለው አራት ቀን አስቀመጡብኝ። በየቀኑ «ነገ» ነው። በአራተኛው ቀን ተቆርጦ ካልሆነ አይወጣም፣ ጎማውን የያዘውን ብረት ሁሉ በአዲስ ግዛ አሉኝ። ቀብዴንም አልመለሱልኝም።

በዚያው ሳምንት ሌሊት ስልክ ተደወለልኝ። አንዲት ላም ምጥ ይዟት ጥጃው አልወጣ ብሏል። መኪና የማይገባበት ቀበሌ ነው። በእግሬ ስደርስ ነግቷል። ጥጃውን አወጣነው፣ ላሟ ግን አልተረፈችም። የላሟ ባለቤት የሆነችው እናት ልጆቿን የምታሳድግባት ላም ነበረች። አንድ ክፉ ቃል አልወጣትም። «አላህ ያመጣው ነው» ብላ ቡና አፈላችልኝ። ያ ቡና ከጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ነው አንድ የአይሱዙ ሾፌር «ሐይቅ አንድ ሽማግሌ አሉ፣ እሳቸው ይዩልህ» ያለኝ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሞተሬን ጭኖ አደረሰኝ።

ጋሼ (ስሜን አትጻፍ ብለውኛል) መዶሻ አላነሱም። ቁጢጥ ብለው ጫፉን በጣታቸው ዳሰሱት። «ማነው እንዲህ የደበደባት?» አሉ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ሐዘን ነው። ቀጥለው «አብሽር ልጄ፣ ይወጣል» አሉኝ። ያን ሁሉ ቀን ስንከራተት እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም።

ከሁለቱም በኩል ዘይት ጠብ ጠብ አደረጉበት። ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ናፍጣ ናፍጣ ይላል። ከዚያ «ና፣ ቡና ደርሷል» ብለው ወደ ጓዳ ይዘውኝ ገቡ። እኔ እቁነጠነጣለሁ። እሳቸው አቦሉን ጠጥተው ተነሱ፣ ዘይት ጨመሩ፣ በቁልፍ ትንሽ ወዲህ ወዲያ ሞከሩትና ተመለሱ። ከቶናው በኋላም እንዲሁ። በረካው ሊቀዳ ሲል ከውጭ ጠሩኝ። ቁልፉ እጃቸው ላይ ሲዞር አየሁ። ፔርኖው አብሮ ዞረ! «ከዞረ ወጣ ማለት ነው» አሉና በረካቸውን ሊጠጡ ገቡ።

የተጨፈለቀውን ጫፍ በሞረድ አስተካከሉ፣ እንጨት ደግፈው መታ መታ አደረጉት፣ ወጣ። አለቀ በቃ። ስንት ቀን ያለቀስኩበት ነገር ቀይ ዝገት ለብሶ መዳፋቸው ላይ ተኛ።

ይሄ ከእንግዲህ አያስተማምንም ብለው ከሳጥናቸው ያገለገለ፣ ቀጥ ያለ ፔርኖ ፈልገው ግራሶ ቀብተው ገጠሙልኝ። ቀብዴ እንደተበላ አጫውቻቸው ነበርና ለፔርኖው ብር አልቀበልም አሉ። ለድካማቸው 300 ብር ብቻ ወሰዱ። «በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ አስወጥተህ ግራሶ አስቀባው» ብለው መከሩኝ። እናንተም አስቀቡ፣ አደራ።

ጋሼ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ። ትናንት ለሌላ ላም ተጠርቼ በሰዓቱ ደረስኩ። ሁለቱም ደህና ናቸው።

ሞተራችሁ እንዲህ ካስቸገራችሁ አታስቆርጡ፣ አታስደብድቡ። ሐይቅ ውረዱና «የሞተር ሠሪው ሽማግሌ» ብላችሁ ጠይቁ፣ ሕፃን ልጅ ሳይቀር ያሳያችኋል። በሩ ገርበብ ብሎ ካገኛችሁት ቡና ላይ ናቸው። ግቡ።