በሮለር የሚቀባ የካሶኒ ላይነር ከአሥር ወር በኋላ፦ ወለሉ ደህና ነው፣ መጋጠሚያው ግን ተበልቷል

የፒካፑ ካሶኒ (የኋላው የጭነት ሳጥን) ላይነር፣ ማለትም ወፍራም መከላከያ ሽፋን፣ ከተቀባ አሥር ወሩ ነው፤ የወለሉ መሃል ዛሬም እንደተቀባ ነው። አሸዋ በአካፋ ተዝቆበታል፣ የብረት ቱቦ ተጎትቶበታል፣ ናፍጣ ፈሶበታል፤ ጭረቱ ከላይኛው ሸካራ አላለፈም። ስለ ወለሉ ከዚህ በላይ የምለው የለም። ይህን ግምገማ ያስጻፈኝ ከጋቢናው ጀርባ፣ የፊት ግድግዳውና ወለሉ በሚገናኙበት መስመር ላይ የወጣው እብጠት ነው። ስፋቱ ሁለት ጣት፣ ርዝመቱ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል። ጠርዙን በካቻቢቴ ጫፍ ሳነሳው ሽፋኑ እንደ ጎማ ተያይዞ ተገፈፈ፤ ከሥሩ እርጥብ ቡናማ ዱቄትና በቅርፊት የተነባበረ ዝገት ወጣ። ሽፋኑ ግን አልተሰነጠቀም፣ አልተበሳም። ውሃው የገባው ከላይ አይደለም ማለት ነው።

ምርቱ ሁለት ክፍል ያለው ፖሊዩሬታን ነው። ሦስት እጅ ቀለም ከአንድ እጅ ሃርድነር (ማጠንከሪያ) ጋር በመጠን ተለክቶ ይቀላቀላል፤ በሮለር ይቀባል፤ ሲደርቅ ሸካራና ጠንካራ ይሆናል። በመርጫ ማስረጨት ለማይችልና አሮጌ ፒካፕ በትንሽ ገንዘብ ለሚያድስ ሰው የተሠራ ይመስላል። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። በጣም የሚያስፈልገው አሮጌ ካሶኒ ነው፤ በጣም የሚበላሸውም አሮጌ ካሶኒ ላይ ነው።

ምክንያቱ አሠራሩ ውስጥ አለ። የብረት ካሶኒ ከአንድ ላሜራ የተቀረጸ ሳጥን አይደለም። የወለሉ ጠርዝ ከግድግዳው ጠርዝ ጋር ተደራርቦ በነጥብ በነጥብ ተበይዷል፤ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው ላሜራ ተነካካ እንጂ አልተያያዘም። ፋብሪካው በመካከሉ የሚያደርገው ማሸጊያ ከዓመታት በኋላ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ጎማ የሚረጨው ውሃና ጭቃ ከወለሉ ሥር ይመጣል፤ በጠባቡ ክፍተትም ወደ ላይ ይሳባል። ድሮ፣ ላዩ ተራ ቀለም በነበረበት ጊዜ፣ ያ ውሃ በተሰነጠቀው ቀለም በኩል ተንፍሶ ይደርቅ ነበር። ላይነሩ ግን ከላይ እንደ ክዳን ይገጥመዋል። እርጥበቱ መውጫ ያጣል፣ ዝገቱ ሌት ተቀን ይሠራል። ዝገት ደግሞ ከተበላው ብረት እጥፍ ድርብ ቦታ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሽፋኑን ከሥሩ ይገፋዋል። ተራ ቀለም ቢሆን ወዲያው ይፈነዳና ይታይ ነበር። ይህ ሽፋን ጠንካራና የሚለጠጥ ስለሆነ ሳይፈነዳ ያብጣል፤ እብጠቱ ለዓይን በሚታይበት ጊዜ ከሥሩ የተላቀቀው ከሚታየው ይሰፋል። 40 ሴንቲ ሜትር የመሰለው እብጠት ሲገፈፍ 70 ሆነ።

«ዝገት ላይ በቀጥታ ይቀባል» ብሎ የሚሸጥ ሰው አጋጥሞህ ከሆነ አንድ ነገር ጠይቀው፦ የትኛው ዝገት ላይ? በጥፍር ሲፋቅ የማይነሳ፣ ስስና ብረቱን የሙጥኝ ያለ ዝገት አለ፤ በመዶሻ ሲመታ የሚረግፍ ቅርፊትም አለ። ሽፋኑ ቅርፊቱን ይዞ ይቆማል፤ ቅርፊቱ ግን ብረቱን አልያዘም። ከላይነሩ ቆርቆሮ ጋር የሚመጣው የቴክኒክ ወረቀት ከሻጩ ይልቅ ሐቀኛ ነው፦ ንጹሕ፣ ደረቅ፣ የተፋቀ ብረት ይላል፤ ባዶ ብረት ላይ ፕራይመር (ከሥር የሚቀባ መነሻ ቀለም) ይላል። ሻጩ ይህን ሲሰማ «እንግዲያው የዝገት መለወጫ ጨምርበት» ይላል። መለወጫው ፎስፎሪክ ወይም ታኒክ አሲድ ያለበት ፈሳሽ ነው፤ ስስ ዝገትን ወደ ጥቁር፣ ረጋ ያለ ውህድ ይለውጣል። ወለሉ መሃል ላይ ይሠራል። በሁለት ላሜራ መካከል ግን እስከ ጥጉ አይደርስም፤ የደረሰውም ፎስፎሪክ አሲድ ታጥቦ አይወጣም፤ የቀረው አሲድ በላዩ የሚመጣው ኢፖክሲ፣ ማለትም ብረቱን አጥብቆ የሚይዘው ፕራይመር፣ በደንብ እንዳይያዝ ያደርጋል። ብዙ የኢፖክሲ አምራቾች በመለወጫ ላይ እንዳይቀባ በግልጽ ይከለክላሉ። መለወጫና ኢፖክሲን አንድ ላይ ጠቅልሎ መሸጥ ገዢውን መበደል ነው።

ካሶኒው ከሻንሲው መውረድ ነበረበት። ዋናው ቁም ነገር ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ካሶኒውን የሚይዙት ስድስት ወይም ስምንት ቡሎኖች ናቸው፤ የሚበዙት ዝገው ዳዶው አይፈታም። ከአንድ ቀን በፊት ዘልቆ የሚገባ ዘይት ጠጥተው ካደሩ ግማሾቹ ይፈታሉ፤ ቀሪዎቹ በግራይንደር ይቆረጣሉ፣ አዲስ ቡሎን ይገባል። የኋላ መብራቶቹ ሶኬትና የነዳጅ መሙያው አንገት አስቀድመው መላቀቅ አለባቸው፤ አንገቱ ካሶኒው ላይ በብሎን ስለሚታሰር ሳይፈታ ቢነሳ ቱቦው ይቀደዳል። ካሶኒው ሲገለበጥ እውነቱ ይታያል፦ ወለሉን ከሥር የሚሸከሙት አግዳሚ ብረቶች ጫፍ፣ የጎማ ጉብታው ግርጌና የፊት ግድግዳው መጋጠሚያ ብዙ ጊዜ ከላይ ከሚታየው ይልቅ ተበልተዋል።

መጋጠሚያውን መፈተን ቀላል ነው። ስለት ያለው መሮ ወይም ሹል መዶሻ በየአምስት ሴንቲ ሜትሩ ይመታል። የጠራ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፤ ደንዝዞ ከሰመጠ ላሜራው አልቋል። ያለቀው ተቆርጦ ይወጣል እንጂ በስቱኮ አይሞላም። የሚተካው ላሜራ ከነባሩ ውፍረት ጋር እኩል፣ ብዙ ጊዜ ከ0.8 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ይሁን። ብየዳው በአንድ ትንፋሽ ከተሳበ ላሜራው በሙቀት ይጣመማል፤ ነጥብ በነጥብ፣ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየዘለሉ፣ ሲበርድ እየጨመሩ መዝጋት ነው። ከብየዳው በፊት ተደራራቢው ገጽ ላይ የዚንክ ፕራይመር ካልተቀባ አዲሱ መጋጠሚያም እንደ አሮጌው ከውስጥ ይጀምራል።

ለፍቂያው በግራይንደር የታሰረ የሽቦ ብሩሽ ብቻውን ያታልላል። ዝገቱን ያብረቀርቀዋል፣ ብረት ያስመስለዋል፤ በጉድጓዶቹ ውስጥ ያለውን ግን አይነካም። በአይ.ኤስ.ኦ 8501-1 አጠራር በእጅና በማሽን የሚደረሰው ከፍተኛው ንጽሕና ኤስ ቲ 3 ይባላል፤ በአሸዋ ከሚነፋው ዝቅ ያለ ነው፤ ለካሶኒ ግን ከልብ ከተሠራ ይበቃል። ከብሩሹ በኋላ 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት መከተል አለበት። ነባሩ ቀለም ደህና በሆነበት ቦታም ቢሆን ብርሃኑ እስኪጠፋ በ120 ወይም በ180 መፋቅ ግድ ነው፤ በ400 የተለሳለሰ ገጽ ላይ ወፍራም ሽፋን መያዣ ያጣል። ቅባት የሚጸዳው ደግሞ ከፍቂያው በፊትም በኋላም ነው። ቅባት እያለ የፋቀ ሰው ቅባቱን ወደ ጭረቱ ውስጥ አስገባው።

ቅደም ተከተሉ፦ ባዶ ብረት ላይ ሁለት ክፍል ያለው ኢፖክሲ፣ ከዚያ መጋጠሚያው ላይ ከላይም ከሥርም የፖሊዩሬታን ማሸጊያ፣ ከዚያ ላይነር። ማሸጊያው ከአየር እርጥበት ጋር ከላይ ወደ ውስጥ ስለሚደርቅ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ቢጓዝ ነው፤ ወፍራሙ መስመር ደርቆ ሳይጨርስ ላይነር ከተጫነው ውስጡ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። የሲሊኮን ማሸጊያ በአጠገቡ አይለፍ። ሲሊኮን የነካውን ቦታ ምንም ቀለም አይዝም፤ ሽፋኑ እየሸሸ እንደ ዓሣ ዓይን ክብ ክብ ቀዳዳ ይተዋል።

ብዛቱን በሚመለከት ከሻጩ ጋር በሒሳብ እከራከራለሁ። «ባለ 4 ሊትሩ ለአንድ ካሶኒ ይበቃል» ይባላል። ወለሉ 2.2 ሜትር በ1.5 ሜትር፣ የግድግዳው ከፍታ 45 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ወለል፣ ሁለት ጎን፣ ፊትና የኋላ ስፖንዳ ሲደመሩ 6.6 ካሬ ሜትር ይሆናሉ፤ የጎማ ጉብታውና የወለሉ ቦይ ቦይ ሲጨመር ወደ 7.5 ይጠጋል። ፈሳሹ 60 በመቶ ጠጣር ከሆነ 4 ሊትሩ ደርቆ የሚሰጠው 0.32 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ያውም ሮለሩ የጠጣው ሳይቀነስ። ግማሽ ሚሊ ሜትር ለማግኘት ከ6 ሊትር በላይ ያስፈልጋል። የስፖንዳው ጠርዝ በአሥር ወር ውስጥ ተበልቶ ፕራይመሩ የታየው በዚህ ስስነት ነው። በጀቱ ጠባብ ከሆነ የግድግዳዎቹን የላይኛ ግማሽ በተራ ቀለም ቀብቶ ላይነሩን ለወለሉ፣ ለጉብታዎቹና ለስፖንዳው ማዋል ይሻላል።

አየሩን የናቀ ሰው ላይነሩን ያበላሻል። ሃርድነሩ አይሶሳያኔት ነው፤ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ጋዙ በሽፋኑ ውስጥ አረፋ ሠርቶ ሲወጣ የመርፌ ቀዳዳ ይተዋል። ብረቱ ከጤዛ ነጥብ (የአየሩ እርጥበት ጤዛ ሆኖ ከሚያርፍበት ሙቀት) ቢያንስ 3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መሞቅ አለበት። ጠዋት ላይ የካሶኒው ብረት ከአየሩ ይቀዘቅዛል፤ በእጅ ሲዳሰስ ደረቅ የመሰለው ላሜራ ስስ ላብ ይዟል። ረፋዱ ላይ መጀመር፣ ሁለተኛውን ዙር አምራቹ ባስቀመጠው ሰዓት ውስጥ መጨረስ፤ ሰዓቱ ካለፈ እንደገና ሳይፋቅ አለመቀባት። አይሶሳያኔት ሳንባን የሚያስቆጣና አስም የሚያመጣ ነገር ነው፤ አንዴ የተቆጣ ሰውነት ከዚያ በኋላ በጥቂቱም ይነሳበታል። በሮለርም ቢሆን የኦርጋኒክ ጋዝ ማጣሪያ ያለው ማስክ፣ ጓንትና ክፍት ቦታ ያስፈልጋል፤ በመርጫ ከሆነ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚሰጥ ማስክ። የጨርቅ ማስክ እዚህ ዋጋ የለውም።

የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎቹን ሳልጠቅስ አላልፍም። ወፍራም ሽፋን ይደፍናቸዋል። ከመቀባቱ በፊት ቡሎን ወይም የእንጨት ሽብልቅ ሰክቶ ሽፋኑ ግማሽ እንደደረቀ መንቀል ነው። አንዲት የተደፈነች ቀዳዳ ከፊት ግድግዳው ሥር ውሃ ታቁራለች፤ ያበጠውም መጋጠሚያ እዚያው ነው።

ደስ ያሰኘኝ አንድ ነገር አለ፤ እሱን መካድ አልችልም። የተረፈው ከበሮቹ በታች ባለው ዝቅተኛ ቦዲና በኋላው ባምፐር ላይ ሲቀባ ውጤቱ ከጠበቅኩት በላይ ነው። ሸካራው ገጽ የመዶሻ ጠባሳን ይሰውራል፤ ስቱኮውን እስከ 400 ቁጥር ማለስለስ አያስፈልግም፣ 180 ይበቃል። የጠጠር ፍንጣሪ አልነካውም። ቀለሙን ግን ፀሐይ ትበላዋለች፦ አሮማቲክ የሚባለው ዓይነት በአግድም ገጽ ላይ ይገረጣል፤ አሊፋቲክ የሚባለው ይቋቋማል። ወረቀቱ ላይ ይህ ቃል ካልተጻፈ ለውጭ ቦዲ አይገዛ። ኮፈን ላይ ደግሞ ጨርሶ አይቀባ፤ ነገ ሐሳብ ቢለወጥ ማስለቀቁ የቀናት ሥራ ነው።

ማስለቀቅ ስል፣ የተላቀቀው መጋጠሚያ ሲጠገን የደረቀውን ላይነር ቲነር አያስለቅቀውም። የሽቦ ብሩሹ ሲሞቅ ሽፋኑን ያቀልጠውና ይሞላበታል። የሚሠራው ትኩስ አየር በሚነፋ መሣሪያ አለስልሶ በስፓቱላ መግፈፍ ነው፤ እስከ ጤናማው ብረት፣ ከዚያም አምስት ሴንቲ ሜትር አልፎ። ጠርዙ በ80 ቁጥር ተዳፋት ሆኖ ካልተፋቀ አዲሱ ጥገና በደረጃው ላይ ይነሳል።

ይህን ሁሉ አይቼ፣ ካሶኒው ሳይወርድ ለሚያድስ ሰው ይህን ምርት አልመክርም፤ እኔም በዚያ ሁኔታ መልሼ አልገዛውም። ለእንዲህ ያለው መኪና ኢፖክሲ፣ በላዩ ርካሽ ኢናሜል፣ በላዩ ደግሞ የሚነሳ ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ይበልጣል። ምንጣፉ በየወሩ ይነሳል፣ ሥሩ ይደርቃል፣ የጀመረ ዝገት ከሳንቲም ሳይበልጥ ይታያል፣ በአንድ ብሩሽ ቀለም ይዘጋል። ላይነር ለቀባው ደግሞ የቀረው በየሁለት ወሩ በካቻቢቴ እጀታ መጋጠሚያውን ተከትሎ ማንኳኳት ነው፤ ድምፁ የተቦረቦረ ከሆነ እብጠት ሳይጠብቅ ዛሬውኑ ይክፈተው።